ሱሪ ለባሿ ካሲልዳ

ካሲልዳ የታላቬራ ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ፣ "ይችን ልጅ ስወልዳት መቀመጫዋን ረስቼ ነው መሰል" ትል ነበር። እውነቷን ነው። በአባቷ ሥራ ቤት ሴቶቹ ተደርድረው በሳህን ላይ ሰማያዊ ወፍ ሲስሉ፣ እሷ አንዱን ክንፍ ስላ ትነሣለች፤ በር ድረስ ሄዳ መንገዱን ታያለች፤ ተመልሳ ሁለተኛውን ክንፍ ትጀምርና ደግሞ ትነሣለች። ጎረቤቶች ሳህን ሲገዙ ገና ከሩቅ ይለዩታል። "ይቺ የካሲልዳ ናት፤ አንድ ክንፏ ቸኩሏል" ይላሉ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ላሳሮ ለሚባል ባለ ሦስት ምድጃ ሸክላ ሠሪ አጫት። ላሳሮ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ሲመጣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ እሳት አያያዝ ያወራል፤ ወሬው ሲያልቅም እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ካሲልዳ ያንን ወንበር ባዶውን እንኳ ስታየው ደረቷን ያፍናት ጀመር።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለከተማው በዓል የተዋንያን ቡድን መጣ። ካሲልዳና እናቷ ሰዉ "ድስት" በሚለው የሴቶች ሰገነት ላይ ተፋፍገው ተቀመጡ። እዚያ ላይ ያልተቀቀለች ሴት የለችምና ስሙ ይገባዋል። ጨዋታው የጀመረው እጮኛዋ ጥሏት በሄደ እመቤት ነው። እመቤቲቱ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ፀጉሯን ባርኔጣ ውስጥ ሸሸገች፤ የወንድ ሱሪ አጠለቀች፤ ሰይፍ ታጥቃ ከዳተኛውን ፍለጋ ወደ ዋናው ከተማ ገሰገሰች።

"አሁን አባቷ ቢያያት አያውቃትም?" አለች የካሲልዳ እናት።

"ዝም በይ እቴ፣ ሱሪ ለብሳለች እኮ!" አለቻት ከጎኗ ያለች ወፍራም ሴትዮ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳታነሣ።

በመድረኩ ላይ አባት ልጁን አላወቃትም፤ ወንድም እኅቱን አላወቃትም፤ ከዳተኛውም ሰይፍ ተማዝዞ ሲሸነፍ በማን እንደተሸነፈ አላወቀም። ካሲልዳ ያን ቀን ቤት ስትገባ ራት አልበላችም። ቡድኑ ጓዙን ጭኖ ወደ ኦሮፔሳ በሄደ በማግሥቱ፣ ገና ዶሮ ሳይጮህ፣ የወንድሟን የኺኔስን የክት ሱሪ፣ ኮቱንና ባርኔጣውን ለብሳ የቡድኑን ዱካ ተከተለች።

እስከ ረፋዱ ድረስ የሚተካከላት አልነበረም። ደረቷን ነፍታ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ያገኘችውን ሁሉ በወፍራም ድምፅ "እንደምን አደራችሁ!" እያለች ሄደች። ከዚያ አንድ ትንሽ ወንዝ አጋጠማት። ሦስት በቅሎ ነጂዎች ማዶ ተቀምጠው ዳቦና ሽንኩርት ይበላሉ። ካሲልዳ ወንዙ አፋፍ ስትደርስ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደለመደችው፣ ሁለት እጇን ወደ ጭኗ ሰደደችና የሌለ ቀሚስ ሰብስባ በጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጠች ተሻገረች።

ማዶ ማኘኩ ቆመ። ከዚያ ከሦስቱ አንዱ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ጌታው፣ ቀሚስዎን ከፍ ያድርጉት እንጂ፤ ይረጥብብዎታል!"

እሱና ሌላው ጎረምሳ ሣር ላይ ተንከባለሉ። ካሲልዳ ፊቷ ፍም መሰለ። "እኔ ተማሪ ነኝ" አለች በወፍራም ድምፅ።

"አሃ! ምን ይማራሉ?"

"...መጽሐፍ።"

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ከመካከላቸው ያልሳቀው ሦስተኛው፣ ሽማግሌው ብቻ ነበር። በቅሎውን ጎትቶ አመጣና፣ "ነይ ውጪ ልጄ" አላት። "እንዲህ ሆነሽ ብቻሽን ብትሄጂ ተኩላ ቢምርሽ ሰው አይምርሽም። ማን አሳደደሽ?"

"ማንም አላሳደደኝ። እኔ ነኝ የማሳድደው።"

"ማንን?"

"ተዋንያኖቹን።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና ኦሮፔሳ ድረስ አደረሳት። እስኪደርሱ ድረስም ሁለቱ ጎረምሶች ኩሬ ባዩ ቁጥር ሱሪያቸውን በጣታቸው ጫፍ ይዘው እየተሽኮረመሙ ይሻገሩ ነበር።

የቡድኑ አለቃ ሜልቾር ኪሮስ ይባላል። ድምፁ ከሆዱ የሚቀድም፣ ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም ሰው ነው። ካሲልዳ በተዋንያኑ ማደሪያ ግቢ ስትደርስ፣ ሚስቱ ኼሮኒማ የመድረኩን ሱሪ ልታስር ትታገል ነበር። ታላቬራ ላይ ሰይፍ የመዘዘችው እመቤት እሷ ናት። ካባዋ ሸፍኖት እንጂ ስድስት ወሯን ይዛ ኖሯል።

"እምቢ አለ!" አለች ኼሮኒማ ማሰሪያውን እየወረወረች። "ሜልቾር፣ ወይ ሌላ ሴት ፈልግ፣ ወይ እርጉዝ ጎረምሳ የሚኖርበት ጨዋታ አስጽፍ!"

ካሲልዳ ይህን ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። ግቢው መሐል ቆማ፣ ከሦስት ቀን በፊት አንዴ ብቻ የሰማችውን የእመቤቲቱን ስንብት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ አለችው። ሁለት ቦታ ተሳስታለች። ግን ሽንኩርት ሲልጥ የነበረው ቀልደኛው ታዴዎ ቢላዋውን አስቀመጠ።

ሜልቾር ዙሪያዋን ዞራት። "ማንበብ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ባልሽ የታለ?"

"ባል የለኝም።"

"አይ!" አለ ሜልቾር እጁን እያጨበጨበ። "እንግዲያው ወደ እናትሽ። ባል የሌላት ሴት መድረክ አትወጣም፤ የንጉሥ ትእዛዝ ነው። ባል አግቢና ነይ።"

መቀለዱ ነበር። ካሲልዳ ግን ቀልድ የምታደምጥበት ጊዜ አልነበራትም። ግቢውን በዓይኗ ዞረችው። ታዴዎ ባለሚስት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። በዘፋኙ ጣት ላይ ቀለበት አለ። በግቢው ጥግ በልብስ ሣጥን ላይ የተቀመጠ አንድ አርባ ዓመት ያለፈው፣ አንድ እግሩ አጠር ያለ ሰው ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ወይራ ይበላል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

"እርስዎ ባለትዳር ነዎት?"

ሰውየው በርናቤ ይባላል። ሥራው ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃሉን ሹክ ማለት ነው። ለሰው ሁሉ የሚናገረውን ሲሰጥ የኖረው በርናቤ ያን ጊዜ ለራሱ አንድ ቃል አጣ። የወይራው ፍሬ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ታዴዎ ጀርባውን እስኪመታው ድረስ ሳለ።

"ሦስት ቀን... ሦስት ቀን ላስብበት" አለ በመጨረሻ።

"ሦስት ቀን?" ጮኸች ኼሮኒማ። "ይኼ ሱሪ ነገን አይሻገርም!"

በርናቤ በዚያው ምሽት እሺ አለ። የኦሮፔሳው ቄስ ብዙ አጉረመረሙ፤ ሜልቾር ለቤተ ክርስቲያናቸው በነፃ እንደሚጫወት ሲነግራቸው ግን ማጉረምረሙ ቀለለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተጋቡ። ሙሽራይቱ የተጋባችው የኼሮኒማን ቀሚስ ተውሳ ነው።

በማግሥቱ ወንድሟ ኺኔስ ጩቤ ታጥቆ ደረሰ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠፈጠፋል። ተዋንያኑ በየዕለቱ የሚጫወቱት የክብር ደም በእውነት ሊፈስ ነው ብለው ከግድግዳው ተለጠፉ። በርናቤ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ መሐል ቆመ።

"ማን ነህ አንተ?" አለ ኺኔስ።

"ባሏ ነኝ። የቄሱ ወረቀት አለ።"

ኺኔስ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን ግን ያውቃል። ጩቤውን መለሰና ወደ እኅቱ ዞረ። 

"አባዬ ወጥ አልቀምስም ብሏል። እማዬ ታለቅሳለች። ላሳሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አልነሣም አለ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሱሪዬስ?"

"ምን?"

"የክት ሱሪዬ! እሑድ ቅዳሴ የሄድኩት የሥራ ሱሪዬን ለብሼ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ! ሌላ እንደሌለኝ አጥተሽው ነው?"

ካሲልዳ ሱሪውን አጣጥፋ ሰጠችው። ኺኔስ ከብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እኅቱን ግንባሯን ስሞ፣ አንድ ሳህን የሽምብራ ወጥ ከተዋንያኑ ጋር በልቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በርናቤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚስቱ ጋር እንደ እንግዳ ነበር። እሷም አንቱ ትለዋለች። በየመንገዱ፣ ጋሪው እየተንገጫገጨ፣ ጨዋታውን መስመር በመስመር ያነብላታል፤ እሷ ትመልሳለች። የራሷን ክፍል ብቻ ለይታ መያዝ አልሆነላትም። የአባቱን፣ የከዳተኛውን፣ የአሽከሩን፣ ሁሉንም ትይዘዋለች። አንድ ጨዋታ ጆሮዋ ከገባ በኋላ እንደ ጸሎት ከእሷ ጋር ይኖራል።

ትልቁ ችግር አካሄዷ ነበር። ካሲልዳ በወንዙ ላይ ያፈረችውን አልረሳችም። በቅሎ ነጂዎችን፣ ወታደሮችን፣ ሥጋ ሻጮችን ስትከተል ትውላለች፤ እንደነሱ ትተፋለች፤ እንደነሱ እግሯን ከፍታ ትቆማለች። በሁለተኛው ወር ልምምድ ላይ መድረክ ስትወጣ፣ ሜልቾር "ያ ሰውዬ ማነው?" ብሎ ጮኸ። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም። በርናቤ ግን ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ጥግ ወሰዳት።

"አበላሸሽው" አላት።

"ለምን? አለቃው እንኳ አላወቁኝም!"

"ወንድማ ሞልቶናል፤ ሽንኩርት የሚልጡ ሰባት ወንዶች አሉን። ያንቺ ሥራ ወንድ መሆን አይደለም። ወንድ ለመሆን የምትታገል ሴት ሁኚ። ሰዉ ከፍሎ የሚገባው ያንን ትግል ሊያይ ነው። መድረክ ላይ ያሉት ሁሉ አይወቁሽ፤ በቴአትሩ ግቢ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን እያንዳንዷን ደቂቃ ይወቅሽ፤ 'አሁን ተያዘች፣ አሁን ተያዘች' እያለ ልቡ ይውጣ።"

ካሲልዳ አሰበችበት። በሚቀጥለው ቀን ሰይፏን እንደ ወታደር መዘዘች፤ ወደ ሰገባው ስትመልሰው ግን ለአንዲት ቅጽበት አፉን አጣችው፤ ዓይኗም ወደ ግቢው ፈራ ተባ አለ። ከሰገነቱ አንዲት ሴት "ወይኔ ልጄ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ በርናቤ ሌላ ምክር አልሰጣትም። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አለችው።

እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመት መንገድ ነው። ቶሌዶ፣ ቫሌንሲያ፣ ኮርዶባ፣ ሴቪያ። በዐቢይ ጾም የቴአትሩ ግቢ ሁሉ ይዘጋል፤ በፋሲካ ይከፈታል፤ በቅዱስ ቁርባን በዓል በጋሪ ላይ ይጫወታሉ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይበላሉ። "ሱሪ ለባሿ" የሚለው ስም ከእሷ ቀድሞ ከተማ ይገባ ነበር። ሰባኪዎች በስሟ ሰበኩ፤ ጎረምሶች በየበሩ ቆሙ፤ የጎረምሶቹ እናቶች ደግሞ ሱሪዋን ማን እንደሰፋው በምስጢር ጠየቁ። ካሲልዳ ግን የምትወደው ጭብጨባውን ብቻ አልነበረም። አንድ ከተማ ውስጥ ሃያ ቀን ከሞላት እግሯን ያሳክካታል። ሳህን ትሰብራለች፤ ከኼሮኒማ ጋር ትጣላለች፤ በረንዳ ላይ ስትመላለስ ታነጋለች። ጋሪው ሲጫን ግን ፊቷ ይፈታል። በቅሎዎቹ ተነሥተው ከመንገዱ መታጠፊያ ባሻገር ያለው ሲታሰባት፣ ከበርናቤ ጎን ተቀምጣ ታንጎራጉራለች።

በርናቤ ደግሞ አክስቱ ቶሌዶ ላይ ያወረሱት ትንሽ ቤት ነበረችው፤ ጉድጓድ ውኃ ያላት፣ ግቢዋ ውስጥ አንድ የበለስ ዛፍ የቆመባት።

"ዘንድሮ እንኳ ብናርፍ ምናለ?" ይላል በየዓመቱ መጨረሻ።

"ለከርሞ" ትለዋለች።

"ባለፈውም ለከርሞ ብለሽ ነበር።"

"ታዲያ ከርሞ መች ደረሰ?"

በአሥራ ስምንተኛው ዓመት ቫያዶሊድ ላይ ሳሉ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። ተዋናይት የወንድ ልብስ የምትለብሰው ከወገቧ በላይ ብቻ ይሁን፤ ከወገቧ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀሚስ ትልበስ፤ ይህንንም የሚቆጣጠር ሹም በመድረኩ ጥግ ይቀመጥ ተባለ። የተላከው ሹም ቀጭን፣ ጢሙ የተቀባ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ በጥንቃቄ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

"ከላይ ወታደር ከታች እመቤት?" አለች ካሲልዳ ልብስ መልበሻው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተራወጠች። "በቀሚስ ሆኜ 'እኔ ወንድ ነኝ' ስል ማን ያምነኛል?"

"ያው ጨዋታ ነው፤ ያምናሉ" አለ ሜልቾር፤ እሱም አላመነም።

ወጣች። ኮት፣ ሰይፍ፣ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ፣ ከዚያ በታች ሰፊ ቡናማ ቀሚስ። ግቢው ውስጥ ቆመው የሚያዩት ወንዶች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ጥሏት የሄደው ከዳተኛ ወደ እሷ መጥቶ፣ በጨዋታው ወግ መሠረት፣ "ከየት መጣህ አንተ ጎበዝ?" ሲላት፣ ከግቢው አንዱ መለሰለት፤

"ከእናቱ ልብስ ሣጥን!"

ግቢው ፈነዳ። ካሲልዳ ቃሏን ልትቀጥል ሞከረች፤ ሌላው "ጎበዙ መቼ ይወልዳል?" አለ። ሹሙ በወንበሩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በርናቤ ከመጋረጃው ኋላ የሚቀጥለውን መስመር ሹክ አላት፤ ሁለተኛም አላት። ካሲልዳ ግን መስመሩ ጠፍቶባት አልነበረም። እግሮቿ ከዚያ ቀሚስ ውስጥ መውጫ አጥተው ነው። ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች፤ ባርኔጣዋን አወለቀች።

"ጌቶቼ፣ ይቅር በሉኝ" አለች ለግቢው። "እኔ ወንድ ነኝ። ሱሪዬ ግን እነሆ ከእኒህ ጌታ ዘንድ በቁም እስር ላይ ናት። ዋስ የሚሆንላት ካለ እጁን ያውጣ!"

ሦስት መቶ እጅ ወጣ። ሴቶቹ ከሰገነቱ መሐረባቸውን ወረወሩ። ሹሙ ብድግ አለ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ፤ ከደጅ ሆኖም ጨዋታው ለስምንት ቀን እንዲዘጋ አዘዘ። ሜልቾር ፀጉሩን ነጨ። በርናቤ ግን ከመጋረጃው ኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ካሲልዳ ባሏ እንዲህ ሲስቅ አይታ አታውቅም፤ እሷም አብራው ልትስቅ ተጠጋችው። ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልቆም አለ። አፉን የጠረገበትን መሐረብ ሊደብቃት ሲል እጁን ያዘችው። መሐረቡ ደም ነበረበት።

የዚያ ዓመት ጾም ሲገባ ወደ ቶሌዶ ቤት ወሰደችው። ሐኪም መጣ፤ ደም ቀዳ፤ ሄደ። የአህያ ወተት ይጠጣ፣ ከአልጋ አይነሣ አለ። ካሲልዳ አርባውን ቀን ከአጠገቡ አልተለየችም። ፋሲካ ደረሰና ሜልቾር ጋሪዎቹን አስጭኖ በራቸው ላይ ቆመ።

"ትመጫለሽ?"

"ያለ እሱ እንዴት አድርጌ?"

ሜልቾር ምድር ምድሩን አየ። ያገባች ተዋናይት ከባሏ ጋር እንጂ ብቻዋን አትጓዝም፤ ይህንንም ያዘዙት ቀሚሱን ያዘዙት እነዚያው ሹሞች ናቸው። ጋሪዎቹ ቁልቁለቱን ወርደው በድልድዩ ሲሻገሩ ካሲልዳ ከበለሱ ሥር ቆማ መንኰራኵራቸውን ሰማች። ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ።

ጠዋት ውኃ ትቀዳለች፤ እንስራው ሞልቶ እያለ ትደፋውና ደግማ ትቀዳለች። ወደ ገበያ ወጥታ የምትገዛውን ረስታ ትመለሳለች። በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ድልድዩ ወርዳ የሚመጣውን የሚሄደውን ታያለች። ያላወቁ ጎረቤቶች "ይቺ ሴትዮ ምን ጠፍቷት ነው?" ይባባላሉ። የጉድጓዱን ዙሪያ ስለምትዞር በበልጉ መጨረሻ በሣሩ ላይ መንገድ ወጣ። በርናቤ ከአልጋው በመስኮት ያያታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ይዛለት ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ሳትቀመጥ ማንኪያውን ሰጠችው።

"ተቀመጪ" አላት።

"ደህና ነኝ።"

"ተቀመጪ አልኩሽ፣ ካሲልዳ!"

ተቀመጠች። ጉልበቷ ይንቀሳቀሳል።

"ትጠይኛለሽ?" አላት።

"ምን ዓይነት ወሬ ነው ይሄ?"

"እኔ ብሆን እጠላ ነበር። አንዳንዴ ሾርባውን ስትሰጪኝ ዓይንሽን አያለሁ። 'መቼ ነው የሚሞተው' ይላል።"

ካሲልዳ "አይልም!" ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ዘጋችው። መድረክ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ስትዋሽ ኖራለች፤ ለዚህ ሰው ግን መዋሸት አልሆነላትም።

"አንድ ጊዜ አስቤዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ድልድዩ ላይ ቆሜ። ከዚያ ራሴን እስኪያመኝ አለቀስኩ። መጥቼ ልነግርህ ፈራሁ።"

በርናቤ ከሾርባው ሁለት ማንኪያ ጠጣ።  ከዚያ፣ "እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ። "ይሄ ቤት ደስ የሚለኝ ስናወራለት ነበር። ገብቼበት ሳየው ጣሪያው ያፈሳል፤ በለሱ ትል አለው፤ የሚናገር ሰው የለም። ትናንት ግድግዳውን እያየሁ የጨዋታውን ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ለራሴ ሹክ አልኩት። የሚቀበለኝ አጣሁ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አልጋዬ መንኰራኵር ይኑረው።"

"ሐኪሙ አትንቀሳቀስ ብሏል። መንገድ ላይ ትሞታለህ።"

"እዚህስ ብሆን ለዘላለም ነው የምኖረው? ሂጂ፣ በቅሎ ፈልጊ። ሂጂ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሻል?"

እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። ብድግ ስትል ሾርባው ከእጁ ወደቀ።

ሜልቾርን ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮርዶባ መንገድ ላይ ደረሱበት። በርናቤ ፍራሽ በተነጠፈበት ጋሪ ላይ ተንጋሎ፣ ከፀሐይ የሚከልለው የአሮጌ መጋረጃ ጨርቅ ተወጥሮለት ነበር። ሜልቾር ሁለቱን አይቶ፣ "እኔኮ ተሳላሚ የመጣ መስሎኝ ነበር" አለና ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ እንዳይታይበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርናቤ ተኝቶ ሥራውን ሠራ። ፍራሹን ከመጋረጃው ኋላ ያስገቡለታል፤ ድምፁ ስለደከመ ተዋንያኑ ወደ እሱ ጠጋ ብለው ይቆማሉ፤ በዚህም የቡድኑ አቋቋም ሁሉ ወደ ግራ አዘነበለ። ካሲልዳም እንደየከተማው ሹም ጠባይ፣ ለጥብቁ በቀሚስ፣ ለላላው በሱሪ ተጫወተች። ሐኪሙ የሰጠው ጥቂት ወር ነበር። በርናቤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጨመረበት። የሞተው ኦካኛ አጠገብ፣ ከቀትር በፊት፣ ጋሪው በመሄድ ላይ እያለ ነው። ካሲልዳ ከጎኑ ተቀምጣ ስለ መንገዱ ታወራለት ነበር፤ መልስ ሲቀር ዘወር አለች።

ከቀብሩ በኋላ ሜልቾር ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መጣ።

"ካሲልዳ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ባል የሌላት... ታዴዎ ሚስቱ ከሞተች ዓመት ሆናት። ጠጪ ነው፤ ክፉ ግን አይደለም።"

"ሜልቾር፣ እኔ አንዴ በሁለት ቀን አግብቼ ቀናኝ" አለች። "እግዚአብሔርን ሁለተኛ አልፈትነውም።"

"መድረክ አትወጪማ።"

"አልወጣም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሱሪውም እንደ ድሮው አይወድደኝም። ልብሱን እጠብቃለሁ። ብቻ ከጋሪው አታውርደኝ።"

ሱሪውን የወሰደችው ኡርሱላ የምትባል የቫሌንሲያ ልጅ ናት፤ ባሏ በቡድኑ ውስጥ በገና ይመታል። በበርናቤ ቦታ ደግሞ አንድ ዓይኑ የደከመ ጸሐፊ ተቀጠረ። በሙርሲያ የመጀመሪያው ቀን ኡርሱላ መሐል ላይ ቃል ጠፋት። ጸሐፊው ገጹን ገለጠ፤ ሁለት ገጽ አለፈው፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ግቢው ማፏጨት ጀመረ። ካሲልዳ ከመጋረጃው ኋላ ካባ አጣጥፋ ይዛ ቆማ ነበር። ቃሉን በለሆሳስ ወረወረችላት። ኡርሱላ ተቀበለች። የሚቀጥለውን አባትየው ሲሳሳት ለእሱም ወረወረች። በሦስተኛው ክፍል ጸሐፊው መጽሐፉን ከድኖ ወንበሩን ለቀቀላት።

"ማንበብ የማይችል ሰው አስታዋሽ ሲሆን የት ታይቷል?" አለ ሜልቾር ሲያልቅ።

"ሕጉ ይከለክላል?"

ሜልቾር አሰበ። ከመጋረጃ ኋላ ያለ ሰው አይታይም፤ የማይታይ ሰው ባል አያስፈልገውም። "አይከለክልም" አለ።

ወንበሩ ግን አልተመቻትም። ከመጋረጃው ኋላ እንደ ሰዓት እየተመላለሰች፣ ተዋናዩ ወደሄደበት እየተከተለች ነበር ሹክ የምትለው። እንዲያ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። ወጣት ተዋንያን ሲለማመዱ ከኋላቸው እየሄደች፣ "ሰይፉን በጣም ቻልሽበት፤ ትንሽ ጠፋ ይበልሽ" ትላቸዋለች። ከኡርሱላ ጋር በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተኳርፈው ሁለት ጊዜ ታርቀዋል።

ሜልቾር ሲያረጅ ቡድኑን ወደ ሁለት ከተማ ብቻ ወሰነው፤ ማድሪድና ቶሌዶ፣ ቶሌዶና ማድሪድ። "ጉልበቴ አልቋል፤ ሁላችንም አርጅተናል" አለ። ካሲልዳ አንድ ዓመት ታገሠች። በሁለተኛው ዓመት ወደ ናፖሊ የሚሻገር ሌላ ቡድን ከካርታኼና ወደብ ሊነሣ መሆኑን ከአንድ በገና ሠሪ ሰማች። ጨዋታውን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልጉም ሰማች።

"በዚህ ዕድሜሽ ባሕር?" አለ ሜልቾር። "ዋና እንኳ አታውቂም!"

"መርከቡ ያውቃል።"

"ደግሞስ እዚያ ምን አለሽ?"

"እሱን ለማየት ነው እንጂ የምሄደው" አለችና ጉንጩን ሳመችው። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ፣ "እሺ ሂጂ፣ ሂጂ" እያለ እጇን ግን አልለቅም አለ።

ካርታኼና ስትደርስ ነፋሱ ተቃራኒ ነበር። መርከቡ ሦስት ቀን ቆመ። ሌሎቹ ጓዛቸው ላይ ተኝተው ካርታ ሲጫወቱ፣ ካሲልዳ ከወደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ ዋለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ከእግሯ ሥር እየሰበሰቡ "እሜቴ፣ ኧረ ረግጠው ጨረሱን!" እስኪሏት ድረስ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሸራው ተነፋ። መርከበኛው ስም እየጠራ ሊያስገባ ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ እሷ ቦርሳዋን ይዛ መሰላሉ ላይ ነበረች።